ከውጭ የሚቀረቀረው በር

አንድ ቤት ከመሠረቱ ተነቅሎ፣ ምሰሶው ተቆጥሮ፣ ሳንቃው ተለቅሞ ሌላ ሜዳ ላይ ሲተከል በመንገድ ላይ ምን እንደ ቀረ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አትጠይቁም። ትኬታችሁን ትቆርጣላችሁ፣ ከገመዱ ወዲህ ቆማችሁ አንገታችሁን አስግጋችሁ የሌላ ሰው አልጋ ታያላችሁ፣ «አቤት፣ የዱሮ ሰው እንዴት ይኖር ነበር!» ብላችሁ ፎቶ ተነስታችሁ ትወጣላችሁ። ምስር የሚለቅም ሰው እንኳ ድንጋይ ይፈልጋል፤ እናንተ ግን የተነገራችሁን ታሪክ ሳትለቅሙ ነው የምትውጡት።

የዚያች ትንሽ ከተማ ሰውም ከእናንተ አይለይም። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ደጅ ላይ የተዘረጋ ሙዚየም አላቸው። ዘጠኝ አሮጌ ቤቶች ከየሰፈሩ እየተነቀሉ እዚያ ተተክለዋል። ወፍጮ ቤት አለ፣ የአንጥረኛ ቤት አለ፣ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ከነወንበሩ አለ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን መሐል ላይ የቆመው የእህል ነጋዴው የሳንቃ ቤት ነው። በሩ አጠገብ የነሐስ ሰሌዳ ተለጥፏል። «ይህ ቤት አንድ ምስማር ሳይጎድልበት እንደነበረ ተተክሏል» ይላል፤ ከሥሩም ቤቱን የነቀለውና የተከለው ዋና አናጺ ስም ተቀርጿል።

ሰሌዳው ይዋሻል። የጎደለው ምስማር ሳይሆን አንድ ሙሉ ክፍል ነው። ክፍሉን ያስቀረውም ያው ስሙ በነሐስ የተቀረጸለት አናጺ ነው። እናም በዚያ ጠዋት አናጺው፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ያደገችውን ታላቅ እህቱን ከጎኑ አድርጎ፣ ቤቱን ሊያስጎበኛት ይሄድ ነበር።

እህቱ የመጣችው ከአንድ ቀን በፊት በአውቶቡስ ነው። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ በሩቅ ከተማ ልብስ ስትሰፋ ኖራ፣ ባሏን ቀብራ፣ የስፌት መኪናዋን ለልጇ አስረክባ፣ «እስኪ አሁን ደግሞ ወንድሜን ልየው» ብላ መጣች። በመሐሉ የመጣችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፣ ሁለቱንም ለቀብር፤ በማግስቱ ነው የተመለሰችው። እሱ «እታለም» ይላታል። እሷ «ጭራሮ» ትለዋለች፤ በልጅነቱ ከቅጥነቱ የተነሳ ያወጣችለት ስም ነው፣ ዛሬ ሆዱ ከቀበቶው በላይ ተንጠልጥሎም አልተወችውም።

ጥፋቱ የራሱ ነው። በስልክ ባገኛት ቁጥር «ያደግሽበትን ቤት ምስማር ሳላጎድል አቆምኩት» እያለ ሲፎክርላት ኖሯል። ሰው ውሸቱን ሲደጋግም መጀመሪያ የሚረሳው ሰሚው ማን እንደሆነ ነው።

«ዛሬ እንኳ ይዘንባል መሰለኝ፣ እታለም» አላት ቁርስ ላይ።

በመስኮቱ ወደ ሰማይ አየች። «በምን? ደመናው የት አለ?»

«ደግሞ ጉልበትሽ... ሜዳው ሰፊ ነው እኮ።»

«ጉልበቴን ተወው፤ አብሮኝ የኖረ ነው፣ አያሳፍረኝም። ተነስ በል። ክፍሌን ሳላይማ አልመለስም።»

ተነሳ። ምን ያድርግ?

በሙዚየሙ በር ላይ ትኬት ሻጯ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ጋሼ! ለእርስዎማ ትኬት አይቆረጥም። ለእንግዳዎም እንደዚያው።»

«የለም፣ ለእኔ ቁረጪልኝ የኔ ልጅ» አለች እህቱ። «ያንን ቤት አሥር ዓመት የገባሁት በጓሮ ነው። ዛሬ እንኳ እንደ ሰው በፊት በር ልግባ።»

ትኬት ሻጯ ቀልድ መስሏት ሳቀች። አናጺውም ሳቀ፤ አንገቱ ሥር ግን ላብ ጀምሮታል።

መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱን አሳያት። የድንጋዩን ክብደት፣ የጎማውን ዙር፣ እንዴት በስምንት ሰው እንደተነሳ ዘረዘረላት። ከዚያ ወደ አንጥረኛው ቤት ወሰዳት። ወናፉን እየነካ ማብራራት ሲጀምር ክንዱን ያዝ አደረገችው።

«ጭራሮ፣ ወናፍ ለማየት ነው እንዴ ስምንት ሰዓት ሙሉ አውቶቡስ ላይ ስንቀጠቀጥ የመጣሁት? ቤቱ ያ ነው። ጣሪያውን ከሩቅ አወቅሁት።»

ቀድማው ሄደች። እሱ ከኋላ ተከተለ፣ ከብት እንደሚነዳ ሰው ሳይሆን እንደሚነዳ ከብት።

እናታቸው ስትሞት እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ እሱ አንድ። እሱን አክስታቸው ወሰደችው፤ እሷን ደግሞ «ትበላለች፣ ትለብሳለች» ተብሎ ለእህል ነጋዴው ቤት ሰጧት። የምታድረው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ክፍሏ መስኮት አልነበራትም። በሯ መቀርቀሪያ ነበራት፣ መቀርቀሪያው ግን በውጭ በኩል ነው። እመቤቲቱ ልትተኛ ስትል እየመጣች ትቀረቅርባት ነበር፤ «ሌባ እንዳይገባባት ነው» ይባል ነበር። ሌባ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ከውጭ የተቀረቀረም ከውጭ ይከፈታል! ይህን የሚያስብ ጭንቅላት በዚያ ቤት ጠፍቶ አይደለም፤ ማሰቡ ስለማይጠቅም ነው።

ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ አክስቱ እሑድ እሑድ በጓሮ ታመጣው ነበር። እህቱ ከራሷ ድርሻ ከፍላ ያስቀመጠችለትን ትሰጠዋለች፣ እሱም የክፍሏ ወለል ላይ ተቀምጦ ይበላል። በዓመት አንድ ቀን ደግሞ በሩን ዘግታ፣ በውስጥ በኩል ጀርባውን አስደግፋ ታቆመውና ከአናቱ በላይ በምስማር ጭረት ታደርጋለች። «እደግ» ትለዋለች። «ቶሎ እደግና ከዚህ አውጣኝ።»

ዘጠኝ ጭረት ሆነ። ከዚያ እሷ አሥራ ዘጠኝ ሲሞላት ማንም ሳያወጣት ራሷን አወጣች። ከመሄዷ በፊት ግን የነጋዴውን ጎተራ ሊጠግን የመጣውን ሽማግሌ አናጺ እግር ላይ ወድቃ «ወንድሜን ሥራ አስተምርልኝ» ብላ ለመነችው። መሮ መጨበጡ፣ መጋዝ መሳቡ፣ ቤት መሥራቱ፣ ሚስት ማግባቱ፣ ስሙ በነሐስ መቀረጹ፣ ሁሉም ሲጎተት መጨረሻው እዚያች ክፍል ወለል ላይ ነው የሚያርፈው።

ታዲያ ይህ ሰው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ምን አደረገ?

የነጋዴው ልጅ የሙዚየሙ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኖ ቤቱን ሰጠ፣ አናጺው ደግሞ የመንቀሉን ሥራ ወሰደ። በደንቡ መሠረት ቤቱ ከመፍረሱ በፊት የእያንዳንዱን እንጨት ጫፍ በመሮ ምልክት አደረገበት፤ የሳሎኑን አንድ፣ የመኝታ ቤቱን ሁለት፣ የጽሕፈት ክፍሉን ሦስት፣ የምግብ ክፍሉን አራት፣ የእህቱን ክፍል አምስት፣ የወጥ ቤቱን ስድስት። ምልክቱ አልቆ መፍረስ ሲጀምር የነጋዴው ልጅ መጥቶ በሩን አየ፣ መቀርቀሪያውን አየ።

«ይህችን ተዋት» አለው። «ዕቃ ቤት ናት፤ ምን ታሪክ አላት? ደግሞስ ለአንተ ይበጅሃል? ሰው መጥቶ እህትህ የት ታድር እንደነበር አይቶ ምን ይላል?»

አናጺው ለሚስቱ፣ ለአማቾቹ፣ ለሚያሠራቸው ሠራተኞች ሁሉ «እህቴ እህል ነጋዴው ቤት እንደ ልጅ ነው ያደገችው» ብሎ ነበር። ስለዚህ አልተከራከረም። ማንም ዱላ አላነሳበትም፣ ማንም ከሥራ አባርርሃለሁ አላለውም። «እሺ» አለ፣ ክፍሏን አስቀረ፣ በር የነበረበትን ግድግዳ ደፈነና ለሰነው። እደግና አውጣኝ ብላው ነበር። አደገ። እሷን አላወጣትም፤ ያወጣው ክፍሏን ነው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። በእህል ነጋዴ ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ዝምታም ይነቅዛል፣ ያውም ከውስጥ።

ቤቱ ሲደርሱ አንዲት ወጣት አስጎብኚ ከሌላ ከተማ የመጡ ደርዘን የሚሆኑ ጡረተኞች ሰብስባ ሳሎኑ ውስጥ ታስረዳ ነበር።

«ቤቱ አምስት ክፍሎች አሉት» ትላለች። «አሁን ቀና በሉና የጣሪያውን ወራጆች ተመልከቱ። ጫፋቸው ላይ ምልክት አለ። እንጨቱ እንዳይደባለቅ አናጺው ለየክፍሉ ቁጥር ሰጥቶት ነው። ይህ ሳሎን አንድ ነው፣ መኝታ ቤቱ ሁለት፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ቀለም ቢሆን ዝናብ ያጥበዋል፤ መሮ የቆረጠውን ግን ምንም አያጠፋውም።»

ይህችን የመጨረሻዋን አባባል ያስተማራት አናጺው ራሱ ነው። «እንዲህ እያለ ይቀጥላል» ስትል ሁልጊዜ ዓይኑን ከወራጆቹ ያሸሽ ነበር። አምስት ክፍል ባለው ቤት ውስጥ የወጥ ቤቱ ወራጆች ስድስት ስድስት ምልክት አላቸው። አምስት ምልክት ያለው እንጨት ደግሞ በቤቱ ውስጥ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልቆጠረም። አልኳችሁ እኮ፣ ጎብኚ አይቆጥርም።

ወጥ ቤት ገቡ። «እዚህ» አለች አስጎብኚዋ ያጠናችውን በቃሏ እየደገመች፣ «ቤተሰቡና አገልጋዮቹ እንደ አንድ ቤተሰብ ተዋደው ይኖሩ ነበር።»

«ኧረ ተይ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

ሁሉም ዞሩ። እህቱ ገመዱን ከፍ አድርጋ አልፋ ምድጃው አጠገብ ቆማ ነበር። ከዚያ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ፣ እግሯን እያየች፣ አራት እርምጃ ቆጥራ ወደ ግራ ታጠፈች። እጇን ዘረጋች። እጇ ልስን ነካ።

«እዚህ በር ነበር» አለች።

«ይቅርታ እማማ?»

«እዚህ፣ እጄ ያለበት። የኔ ክፍል በር።»

ጃንጥላ የያዘች አንዲት ጡረተኛ ሴትዮ ልታግዝ አሰበች። «ምናልባት ቁም ሣጥን ይሆን እንዴ እናቴ?»

«ቁም ሣጥን ውስጥ አሥር ዓመት ያደረ ሰው ታውቂያለሽ? ስፋቱስ ያው ነበር።»

አስጎብኚዋ ግራ ገባት። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ የሰጧትን ነው የምትለው። ዓይኗ በሰዎቹ መሐል አናጺውን አገኘውና ፊቷ በራ። «እንዲያውም ቤቱን የተከሉት ዋና አናጺ እዚሁ አሉ! ጋሼ፣ እዚህ በር ነበር እንዴ?»

አሥራ ሁለት ሰው ዞሮ አየው። እህቱ አልዞረችም፤ መዳፏን ከልስኑ ሳታነሳ ድምፁን ትጠብቅ ነበር። አዎ ለማለት ትንፋሽ እንኳ አይፈጅም።

«እህቴ ናት» አለ አናጺው፣ ሳቅም አለ። «ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ያው ዕድሜ ነው እንግዲህ፤ ከሌላ ቤት ጋር ተምታቶባት ነው።»

ሰዎቹ በደግነት ሳቁ። ባለጃንጥላዋ የእህቱን ትከሻ መታ መታ አደረገች። «አይዞሽ እናቴ፣ እኔም መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ቤት አተራምሳለሁ።»

ከሁሉም የከፋው ያ ደግነት ነበር። ቢሰድቧት ኖሮ ምላሽ ነበራት።

እህቱ እጇን ከግድግዳው አወረደችና ወንድሟን አየችው። ለረጅም ጊዜ አይደለም፤ ስፌት ሲጣመም አይታ ልብሱን እንደምታስቀምጥ ሰፊ፣ አንዴ አየችውና ተወችው። «እንግዲያው ተምታቶብኛል» አለች። ትኬቷን አጣጥፋ መሐረቧ ውስጥ ቋጠረችና ወጣች። በፊት በር።

አናጺው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ምድር ግን እንዲህ ያለውን ሰው ቶሎ አትውጥም፤ ታስጠብቀዋለች።

እስከ ቤቱ ድረስ እሱ ብቻ አወራ። ስለ ከተማዋ አዲስ መንገድ፣ ስለ እንጨት መወደድ፣ ስለ ሚስቱ የጥርስ ሕመም። ሚስቱ ያን ቀን እህቷ ቤት ሄዳለች። የሥራ ቤቱ ከግቢው በር አጠገብ ስለሆነ እህቱ እዚያው ገብታ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ውሃ» አለች። ከሙዚየሙ ከወጡ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ናት።

ወደ ቤት ሮጠ። ብርጭቆ ይዞ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ደርቆ ቀረ።

እህቱ የሥራ ጠረጴዛውን ታይ ነበር። በመጋዝ የተጋጋጠ፣ ሙጫ የደረቀበት፣ አንድ ጫፉ ላይ እንጨት አጣብቆ የሚይዝ ሞርሳ የታሰረበት ጠረጴዛ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንጀራውን የሠራበት ነው። ጠረጴዛው ላይ፣ ከሙጫው ሥር፣ የመቀርቀሪያ ብረት የነበረበት አራት ቀዳዳ ይታያል። እህቱ ጣቷን በቀዳዳዎቹ ላይ አንድ በአንድ አስኬደች። ከዚያ አጎንብሳ እጇን ወደ ሥር ሰደደችና የሳንቃውን ሆድ ዳበሰች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ትቆጥር ነበር።

«ዘጠኝ» አለች።

ብርጭቆውን ደጃፉ ላይ አስቀመጠው።

«ና ቁም እስኪ እዚህ» አለችው።

«እታለም...»

«የክፍሌን በር ፊቱን ወደ ላይ አድርገህ፣ ጭረቱን ወደ መሬት ደፍተህ ሥራ ሠራህበት። ለምን አላቃጠልከውም?»

«እንዴት አቃጥለዋለሁ?» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «የኔ ቁመት ያለበት ነው።»

«አንተ ያስቀመጥከው የራስህን ቁመት ነዋ!» አለች። «ጉድ በል! እኔስ? እኔ የት አለሁ? የተቀረው ሳንቃ የት ሄደ?»

አናጺው በመስኮቱ በኩል በአገጩ ወደ ጓሮ ጠቆመ። «ዶሮ ቤት ሠራሁበት።»

እህቱ ወደ ጓሮ አየች። ሁለት ዶሮዎች በሰፊው እየተንጎራደዱ መሬት ይጭራሉ። የቤታቸው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«መቀርቀሪያው ከውጭ ነው?» ጠየቀች።

«አዎ... ማለት፣ ለዶሮ...»

«ቀንም ትከፍትላቸዋለህ?»

«አዎ።»

«ከኔ ይሻላሉ፤ እኔ ቀንም ወጥ ቤት ነበርኩ።» ከዚያ ሳቀች።

ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራት። የነጋዴው ልጅ ያለውን፣ እሱ የመለሰውን፣ ለሚስቱ የዋሸውን። «አፈርኩ፣ እታለም» አላት። «ያኔም አፈርኩ፣ ዛሬም አፈርኩ። አንዴ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ።»

«በማን ነው ያፈርከው?»

አንገቱን ደፋ።

«በኔ ነው» አለች። «እኔ እኮ በዚያች ክፍል አላፈርኩም። ከዚያ እየቆረስኩ አበላሁህ፣ ምን ያሳፍረኛል? የሚያፍር ካለ የቀረቀረው ነው። አንተ የእነሱን እፍረት ተሸክመህ ልብስ አድርገህ ለበስከው። ከዚያም ዛሬ ጠዋት፣ ሰው ፊት፣ አርጅታለች አልክ።» እዚህ ላይ ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። «ክፍሌን ማፍረስህን ይቅር እልህ ነበር። ጠዋት ያፈረስከው ግን ክፍል አይደለም፤ የኔን ቃል ነው። አሁን ያቺ ልጅ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ‹አንዲት የተምታታባት አሮጊት መጥታ ነበር› እያለች ትተርካለች።»

«ምን ላድርግ? ንገሪኝና...»

«ሞርሳውን ፍታ።»

ፈታ። የጠረጴዛውን እግሮች ነቀለ። በሩ ዝቅ ያለ፣ ጠባብ፣ የልጅ ቁመት የሚያህል በር ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ጠረጴዛ ሆኖ ኖሮ አሁን ሲያቆመው ወዲያው በር ሆነ። ከመሣቢያው ሥር በጨርቅ የጠቀለለውን መቀርቀሪያ አወጣ። ያንንም አልጣለውም ነበር። እህቱ ብረቱን አይታ ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች፤ ሲመታው ግን አልከለከለችውም። በአራቱ ቀዳዳ ላይ፣ በቦታው፣ በውጭ በኩል መታው።

«የእጅ ጋሪ አለኝ» አለ።

«በጋሪ አይደለም። በጀርባህ።»

እንዲያ አድርገው በዋናው መንገድ ሄዱ። እሱ በሩን አዝሎ ጎንበስ ብሎ፣ እሷ ከኋላ ጫፉን ይዛ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ከሱቁ ብቅ አለ።

«አናጺው! ዛሬ ደግሞ በር ነው የምታስጎበኘው?»

«እሱ አይደለም» አለች እህቱ ሳትቆም፣ «በሩ ነው እሱን የሚያስጎበኘው። ጊዜ ካለህ ተከተል።»

ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ግማሽ ፀጉር አስቀርቶ ተከተለ። ደንበኛውም ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳሰረ ተከተለ። የአናጺው ጆሮ እስኪግል ድረስ አፈረ። ሸክሙ ከባድ ሆኖ አይደለም፤ ቀላል መሆኑ ነው ያሳፈረው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ሃያ ሁለት ዓመት ማንሳት አቅቶት ነበር።

ጡረተኞቹ አልሄዱም ነበር፤ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አውቶቡሳቸውን ይጠብቃሉ። በሩን ሲያዩ ባለጃንጥላዋ ቀድማ ተነሳች። ወጥ ቤቱ ሞላ። እህቱ ገመዱን ፈታችው፣ አናጺውም በሩን ከልስኑ ላይ አስደግፎ አቆመው። አስጎብኚዋ አፏን ከፍታ ቀረች። ከቢሮው የመጣው የሙዚየሙ ኃላፊ ክራቫቱን እያስተካከለ ሰዎቹን እየገፋ ገባ።

«ምንድን ነው ይሄ? ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«በር እየመለሰ ነው» አለች እህቱ።

«የምን በር? ይህ ቤት ስድስተኛ ክፍል ኖሮት አያውቅም! ሰነዱ አለ። ቅሬታ ካለ በጽሑፍ ለቦርዱ ይቀርባል፣ ቦርዱ ደግሞ...»

«የቦርዱ ሰብሳቢ የማን ልጅ ነው?» አለች እህቱ።

ኃላፊው ክራቫቱን እንደገና አስተካከለ።

ያን ጊዜ አስጎብኚዋ ቀና ብላ ወራጆቹን ታይ ጀመር። ጣቷን ዘርግታ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ምንም ሳትናገር ወደ ምግብ ክፍሉ ሮጠች፤ ከዚያ ወደ ጽሕፈት ክፍሉ፣ ከዚያ ወደ መኝታ ቤቱ፤ የጫማዋ ድምፅ በሳንቃው ወለል ላይ ቤቱን ሁሉ ዞረ። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ ነጥቶ ነበር።

«ጋሼ» አለች፣ «የምግብ ክፍሉ አራት ነው። ወጥ ቤቱ ስድስት ነው። አምስት የታለ?»

ኃላፊው አናጺውን አየ፤ ዓይኑ «ዝም በል» ይለው ነበር፣ ያኔ የነጋዴው ልጅ ዓይን እንዳለው። እህቱ ግን የወንድሟን ክንድ ይዛ ወደ በሩ ወሰደችውና እንደ ልጅነቱ ጀርባውን አስደግፋ አቆመችው። ላይኛዋ ጭረት ትከሻውን እንኳ አልደረሰችም።

«ለኔ እንድትነግረኝ አልፈልግም» አለችው። «እኔ አውቀዋለሁ፣ ኖሬበታለሁ። ጠዋት አርጅታለች ያልከው ለነዚህ ሰዎች ነው፤ አሁንም ለነሱው ንገራቸው። ይህ በር የየትኛው ክፍል ነው? መቀርቀሪያው ለምን በውጭ በኩል ሆነ? ከውስጥ የነበረችውስ ማን ናት? ማን አስቀራት፣ ማንስ ‹ተዋት› አለ? እኔን እያየህ አይደለም፣ እነሱን እያየህ። ቀና በል፣ ጭራሮ! ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ፣ መልስ!»